«በርታ» ደብተር አያርምም

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በየከተማው አንድ ዓይነት ዝግጅት ይሰናዳል። ተማሪ አዳራሽ ይሞላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ማይክሮፎኑ ትንሽ ያስቸግራል። ከዚያ የተሳካለት ሰው ይነሣል፤ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ነው፣ አንዳንዴ ነጋዴ፣ አንዳንዴም ለዕረፍት ከውጭ የመጣ የሰፈሩ ልጅ። በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት እንደተመላለሰ፣ በኩራዝ እንዳጠና፣ ማንም ሳይረዳው እዚህ እንደደረሰ ይተርካል። «እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» ይላል። ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሣል፤ በማግስቱ ፌስቡክ ላይ «ለተማሪዎቻችን የሜንተርሺፕ ፕሮግራም ተካሄደ» ተብሎ ይለጠፋል።

የአዘጋጆቹን ቅንነት አልጠራጠርም። ክርክሬ ከዝግጅቱ ጀርባ ካለው እምነት ጋር ነው። ለወጣት ተማሪ ጥሩ አማካሪ የሚሆነው ተስፋ የሚሰጠው፣ አርአያ የሚሆነው፣ የሕይወት ምክር የሚለግሰው ሰው ነው ይባላል። እምነቱ በአዳራሹ አያበቃም። እሑድ እሑድ ከዋሽንግተን የሚደውለው አጎት «ትምህርት እንዴት ነው? በርታ እንጂ!» ብሎ ስልኩን ለእናት ሲያቀብል በዚያው እምነት ይመራል። የተማሪውን ጽሑፍ ሳያነብ «ጥሩ ነው፣ ቀጥልበት» የሚለው የዩኒቨርሲቲ አድቫይዘርም እንዲሁ። ወላጆችም ለልጃቸው «የሚመክረው ሰው» ሲፈልጉ የሚያስቡት ይህንኑ ነው፦ ቁጭ አድርጎ የሚያናግረው ትልቅ ሰው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ለወጣት ተማሪ ጥሩ አማካሪ ማለት ሥራውን የሚያይለት ሰው ነው። ደብተሩን ገልጦ የተሳሳተበትን መስመር የሚያገኝ፣ እስኪያስተካክል አብሮት የሚቀመጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስሕተት ተመልሶ እንደሆነ መጥቶ የሚያይ። ይህን የማያደርግ ሰው ደግ ዘመድ ወይም ጥሩ ተናጋሪ ወይም የተከበረ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ሳያይ የሚመክር ግን ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው፤ ቢያድንም ባጋጣሚ ነው።

ከእኔ የማይስማሙ ሰዎች ቀላል የማይባል መልስ አላቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። «እንዲህ ባለ ዘመን» ይላሉ፣ «ልጁ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ተስፋ ነው። ተስፋ የቆረጠ ልጅ ደብተሩን ራሱ አይከፍተውም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት ናት፤ እቀበላለሁ።

ግን ቁጥሩን ደግመን እንየው። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ የወደቁት ስላልበረቱ ነው? ከቤቱ ርቆ፣ የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ፣ ቀናት ሙሉ የተፈተነ ልጅ ወኔ ጎደለው ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም። ብዙዎቹ በርትተዋል። ሌሊት አጥንተዋል፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች አባዝተው ሸምድደዋል። የጎደላቸው ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ተሸክመውት የመጡትን ስሕተት ያየላቸው ሰው ነው። ዓለም ባንክ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ለዕድሜያቸው የሚመጥን አጭር ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። በአሥር ዓመቱ ያልታየለት ጉድለት በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ንግግር ይሞላል ብሎ ማሰብ ለእኔ ተስፋ መስጠት አይደለም።

እንዲያውም ንግግሩ የሚያደርሰው ጉዳት አለ። «እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» የሚለው ሰው ሳያስበው ሌላም ነገር ይናገራል፦ ካልቻላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ልጁ ይህን ይሰማል። ውጤት ሲወጣና ሲወድቅ ችሎታ የለኝም ወይም ሰነፍ ነኝ ብሎ ይደመድማል፤ ሦስተኛ ምክንያት ማንም አልነገረውም። ደግሞስ ያ «ማንም ሳይረዳኝ» የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ እውነት ነው? ተናጋሪውን ጠጋ ብለህ ብትጠይቀው አንድ የሰባተኛ ክፍል መምህር ይወጣል፤ ጽሑፍ እየመለሰ ሦስት ጊዜ ያጻፈው፣ ምሳ ሰዓት ላይ አስቀርቶ ማካፈል ያስለመደው። መድረክ ላይ ግን ያ መምህር አይነሣም። ኩራዙ ይሻላል፤ ያምራል።

አሁን ደብተሩን እንክፈት።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ሒሳብ አይገባኝም» አለ እንበል። አዳራሽ ውስጥ መልሱ «ራስህን እንዲህ አትበለው፣ ትችላለህ» ነው። ደብተሩ የሚነግረን ሌላ ነው። ልጁ አብዛኛውን ነገር በትክክል ይሠራል፤ (ሀ+ለ)² ሲመጣለት ግን ሁልጊዜ ሀ²+ለ² ብሎ ይጽፋል። ይህችን አንዲት ስሕተት ይዞ ነው ወደ ኳድራቲክ እኩልታ የገባው፤ ይዟት ነው ፊዚክስ ክፍል የሚቀመጠው። በየቦታው መልሱ ይበላሽበታል፤ በየቦታው የተለያየ ነገር ያልገባው ይመስለዋል። ያልገባው ነገር አንድ ነው።

በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ትክክለኛውን መጻፍ ቀላል ነው። ልጁም ይገለብጠዋል፤ በሳምንቱ ይረሳዋል። ይልቅ «ሀን 3፣ ለን 4 አድርጋቸው» በለው። በእሱ መንገድ 9 እና 16 ተደምረው 25 ይሆናሉ። አሁን መጀመሪያ ደምሮ ከዚያ ካሬ ያድርገው፤ 7 በ7፣ 49። ሃያ አራቷ የት ሄደች?

እዚህ ላይ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ለብዙዎቻችንም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። መልሱ አፋችን ላይ አለ፣ ልጁ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ ጊዜውም ይሄዳል። ግን ልጁ ወረቀት ላይ ካሬ ሥሎ እያንዳንዱን ጎን 3 እና 4 አድርጎ ቢከፍለው ውስጡ አራት ክፍሎች ይወጣሉ፦ ባለ 9ኙ ካሬ፣ ባለ 16ቱ ካሬ፣ ከዚያ ደግሞ 3 በ4 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች። 12 እና 12። ሃያ አራቷን ራሱ አገኛት። በራሱ እጅ ያገኛትን ልጅ «ትችላለህ» ማለት አያስፈልግም፤ መቻሉን አሁን አይቶታል። ተስፋ ይቅደም ለሚሉት መልሴ ይህ ነው። ተስፋ ከሥራ በፊት በንግግር የሚሰጥ ስንቅ አይደለም፤ ከእንዲህ ያለች ትንሽ ድል በኋላ ሳይጠሩት የሚመጣ ነው።

ሌላ ምሳሌ፣ በአጭሩ። ባዮሎጂ የምትወድ ልጅ ፈተና ላይ ግማሹን ትስታለች። ጥያቄውን በአማርኛ ጠይቃት፤ ትመልሳለች። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅቷ የሳተችው ባዮሎጂውን ሳይሆን ጥያቄው ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን «ኤክሰፕት» የምትል ቃል ነው። ከሚከተሉት ውስጥ የማይሆነውን ስትጠየቅ የሚሆነውን ትመርጣለች፤ መጀመሪያ ላይ ያገኘችው ትክክለኛ ነገር «ሀ» ስለሆነ «ሀ»ን አክብባ ታልፋለች። ይህን ለማወቅ አጠገቧ ተቀምጦ አምስት ጥያቄ ድምፅ አውጥታ እንድትሠራ ማድረግ ይበቃል። ከመድረክ ሆኖ ግን በመቶ ዓመትም አይታወቅም።

ለዋሽንግተኑ አጎትም ይህ ይመለከተዋል። እሱ ከአገር ርቄአለሁና ከገንዘብና ከምክር በቀር የምሰጠው የለኝም ብሎ ያስባል። ቴሌግራም እጁ ላይ አለ። «በርታ» ከማለት «የሐሙሱን የቤት ሥራ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ማለት ይችላል። ልጁ መጀመሪያ ያፍራል፤ ንጹሑን ገጽ መርጦ ይልካል። «ይሄን ሳይሆን የተሰረዘበትን» ይበለው።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን በየጥጉ፣ በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ሰምተው ያርማሉ፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልተስማማ፣ አገባቡ ከተሰበረ ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ጠቁመው ያቃናሉ ወይም ይመልሱታል። በነጋታው ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዓመታት። ስለ ቅኔ ታላቅነት የሚደረግ ንግግር እዚያ ቦታ የለውም። ታላቅነቱን የማያምን መጀመሪያውኑ አኩፋዳ አንግቶ አይመጣም።

ዜማ ቤት ደግሞ አስቀጻይ አለ። መምህር አይደለም፤ ጥቂት የቀደመ ተማሪ ነው። ትናንት እሱ ራሱ የተደናቀፈባትን ቀለም ዛሬ ታናሹን ያስቀጽላል። ዛሬ «የዕድሜ እኩያ አማካሪ» እያልን በሥልጠና ሰነድ የምንጽፈው ነገር በጋይንት ገዳማት ያለ ሰነድና ያለ አበል ሲሠራበት ኖሯል። አስቀጻዩ ከመምህሩ የሚበልጥበት ነገርም አለ፤ አለመቻል ምን እንደሚመስል ገና አልረሳውም።

እዚያ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር አልልም። አርጩሜውን የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም፤ በፍርሃት ብቻ የተያዘ ቀለም፣ በረኃብና በውሻ ንክሻ የተቀጨ ተማሪም ብዙ ነው። ግን ስለ አርጩሜው ስናወራ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዛሬው አሞጋሽ አማካሪና የድሮው ገራፊ ተቃራኒ መስለው ይታያሉ፤ አንዱ «ጎበዝ፣ ብሩህ ልጅ» ይላል፣ ሌላው «ደንቆሮ» ብሎ ይመታል። ሁለቱም ዓይናቸው ልጁ ላይ ነው። ሥራው ላይ አይደለም። የተመታው ልጅ የትኛው መስመር እንደተሳሳተ አያውቅም፤ የተሞገሰውም የትኛው መስመር ትክክል እንደሆነ አያውቅም።

ሙገሳው ጉዳት የለውም የሚል ካለ፣ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከት። የአምስተኛ ክፍል ልጆች አንድ ፈተና ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ «ብልህ ናችሁ» ተባሉ፣ ገሚሶቹ ጥረታቸው ተመሰገነ። ብልህ ከተባሉት ብዙዎቹ ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ ከባድ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላ ደግሞ ውጤታቸው ወረደ። የተሰጣቸውን ስም ላለማጣት መጠንቀቅ ጀመሩ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከመቶ ልጅ አንዱን መርጠን «ብሩህ አእምሮ» እያልን በየመድረኩ እናዞረዋለን፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን «ሲ» ሲያይ ለምን እንደሚፈርስ ይገርመናል።

እርማት ያስከፋል፣ የልጅ ልብ ይሰብራል የሚሉም አሉ። ሊሰብር ይችላል፤ እንዴት እንደተነገረ ይወስነዋል። ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት የአሜሪካ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ፤ መምህራኑ በደንብ አረሙት። ከእርማቱ ጋር ለአንዳንዶቹ ተራ ማስታወሻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ «ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና ልትደርስበት እንደምትችል ስለማውቅ ነው» የሚል መንፈስ ያላት አጭር ማስታወሻ ተያያዘች። ተራው ማስታወሻ ከደረሳቸው ጥቁር ተማሪዎች ድርሰቱን አሻሽለው የመለሱት ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር፤ ሌላዋ ከደረሳቸው ግን ከግማሽ በላይ መለሱ። አነቃቂ ተናጋሪዎች ይህን ጥናት ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ «ይኸው፣ ቃል ይሠራል!» ይላሉ። ማስታወሻዋ የተያያዘችው ግን ምን ላይ ነበር? በታረመ ወረቀት ላይ። «ከአንተ ብዙ እጠብቃለሁ» የሚለውን ቃል እውነት ያደረገው ከጎኑ ያለው እርማት ነው፤ መምህሩ ጽሑፉን ቃል በቃል አንብቦታልና።

«አርአያስ?» ይሉኛል። «ልጆች ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን አይተው አይደል የሮጡት?» ልክ ነው፤ አይተው ሮጠዋል። ይህ ምሳሌ ግን የሚያግዘው እኔን ነው። እነዚያን ሯጮች ራሳቸውን ያፈራው ማን ነው? ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከኋላዋ ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበር፤ በጥብቅነቱ የታወቀ አሠልጣኝ። ከእሷ በፊትም አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ለሮም የበቃው በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት ነው። የአሠልጣኝ ሥራ ልምምዱን ማየት፣ ሰዓት መያዝ፣ ዛሬ ይህን ያህል ሮጠሃል፣ ነገ በዚህ ፍጥነት ማለት ነው። አርአያ ልጁን ወደ ሜዳ ያወጣዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ሰዓት የሚይዝለት ሰው ካላገኘ እግሩን ጎድቶ ይመለሳል። ሩጫ ላይ ይህ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ሜዳሊያ ያገኘ ሁሉ አሠልጣኝ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። ትምህርት ላይ ስንደርስ ነው የምንረሳው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ ላንሣ። «አንድ ለአንድ ለማን ይዳረሳል? ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መምህሩ ደክሟል። አዳራሹ ቢያንስ አምስት መቶ ልጅ ይይዛል።» የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ያነሣውም ይኸው ጭንቀት ነው። እሱ ባቀረበው ውጤት መሠረት በግል አስተማሪ የተማረ መካከለኛ ተማሪ ተራ ክፍል ውስጥ ከተማሩት 98 በመቶውን ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች የግል እገዛ ጥቅሙ እውነት ቢሆንም ያን ያህል እንደማይገዝፍ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ቅዱስ ቃል አልጠቅሰውም። ብሉም ራሱ ጽሑፉን የጻፈው ግን አንድ ለአንድ ለሁሉም አይዳረስምና በቡድን ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጣ ዘዴ እንፈልግ ለማለት ነው። እሱ ካጠናቸው የክፍል ዘዴዎች አንዱ ተማሪውን ቶሎ ቶሎ እየፈተኑ፣ የሳተውን አሳይቶ እያስተካከሉ፣ ሳይገባው ወደሚቀጥለው አለማሳለፍ ነበር። እንደገና እርማት።

ለአምስት መቶ ልጅ የተነገረ ነገር ለማንም አልተነገረም። ሃያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች እያንዳንዳቸው ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይዘው በሳምንት አንድ ሰዓት ደብተር ቢያዩ አርባ ልጅ ይዳረሳል፤ አዳራሽም አያስፈልግም። የሚያስተምሩትም በዚያው ይማራሉ፤ ያችን ሃያ አራት ለሌላ ያስረዳ ልጅ ፈተና ላይ አትጠፋበትም። «ትልልቆቹም እኮ ራሳቸው አያውቁም» ይባላል። አንዳንዱን አያውቁም። ያላወቁትን ይዘው ወደ መምህሩ ይሄዳሉ፤ መምህሩም ከስድሳ ደብተር ይልቅ ሦስት ጥያቄ ይመጣለታል።

ሕይወቱስ? ልጅ ደብተር ብቻ አይደለም። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ይኖራል፣ ቤቱ ጠብ ያለ ይኖራል፣ ከጦርነት የተፈናቀለ ይኖራል። ይህን የማያይ አራሚ ማሽን ነው፤ እውነት ነው። የካምብሪጁን የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲን የማነሣው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 ከማድራስ አንድ የማይታወቅ የቢሮ ጸሐፊ፣ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን፣ በቀመር የተሞሉ ገጾች ወደ ካምብሪጅ ላከ። ከሃርዲ በፊት ለሌሎች ሁለት ታዋቂ ሊቃውንት ጽፎ አልተሳካለትም። ሃርዲ ግን ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ቁጭ ብሎ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበ። በመልሱም ውጤቶቹን ለየ፦ እነዚህ ቀድሞ የታወቁ ናቸው፣ እነዚህ አስገራሚ ናቸው፣ እነዚህ አዲስና ትልቅ ናቸው፤ ማረጋገጫቸውን ላክልኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሕይወት ምክር ይልቅ በማረጋገጫ ጥያቄ የተሞላ ነበር። ራማኑጃን በ1914 እንግሊዝ ገባ፤ ሁለቱ የሠሩት ሥራ ዛሬም ይጠናል። ከእኔ ሐሳብ ጋር ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ታሪክ አላውቅም።

ነገር ግን ያ ወጣት አትክልት ብቻ የሚበላ ሂንዱ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ እንግሊዝ የሚበላው አጣ፣ በረደው፣ ታመመ። በ1919 ታሞ አገሩ ተመለሰ፤ በዓመቱ በ32 ዓመቱ ሞተ። ገጹን እንደ ሃርዲ ያነበበለት ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ የሰውነቱን መክሳት በጊዜው ያስቆመለት አልተገኘም። ስለዚህ ተቃውሞውን እቀበላለሁ፤ አዳራሹ ግን በዚህም አይጠቅምም። የተራበውን ልጅ ከመድረክ ሆኖ ማን ያየዋል? በየሳምንቱ ደብተሩን የሚያይ ሰው ነው ጽሕፈቱ ሲንጋደድ፣ ሁለት ሳምንት የቤት ሥራ ሲጎድል፣ ረቡዕ ረቡዕ ሲያንቀላፋ የሚያስተውለው። ልጆች ደግሞ «ችግርህን ንገረኝ» ሲባሉ አይናገሩም። ስለ ሒሳቡ እያወሩ፣ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ በመሐል «አባባ እኮ ቤት የለም» ይላሉ። ያኔ የሚሰማ ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት፤ ሰምቶም ወደሚመለከተው፣ ወደ እናቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ።

የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ጉዳይ በዝርዝር ብጽፍ ሌላ መጣጥፍ ይወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ። ሲኒየር ኤሴይ ሳያነብ የሚፈርም አድቫይዘር እንዳለ ሁሉ፣ የተማሪውን ሥራ አንብቦ፣ ወድዶት፣ ስሙን ፊት ላይ አስቀድሞ የሚያሳትምም አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚብስ ይመስለኛል። ሥራን የሚያይ ዓይን ሥራን የሚመኝ እጅ ሊያበቅል ይችላልና፣ እኔ የምከራከርለት ዓይነት አማካሪ ይህ ፈተና አለበት። ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ የነበረውን ማይክል ፋራዳይን እ.ኤ.አ. በ1813 ወደ ላቦራቶሪው አስገብቶ ሳይንቲስት አደረገው። በ1823 ፋራዳይ ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ ግን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ያው ዴቪ ተቃወመው። የቆሎ ተማሪ በዚህ ረገድ የተሻለ ሥርዓት አለው፤ ንባቡን ከአንዱ፣ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ከሌላው፣ ቅኔውን ዋሸራ ወርዶ ከሦስተኛው ይማራል። የማንም ንብረት አይሆንም፤ ማንም አንድ መምህር ሁሉን እንዲሆንለት አይጠበቅም። «የሕይወት ዘመን ሜንተር» ፍለጋ የሚንከራተቱ ወጣቶች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። አልጀብራ የሚያይልህ አንድ፣ እንግሊዝኛህን የሚያርምልህ ሌላ፣ ለስድስት ወር ብቻ ቢሆንም ይበቃል።

«ጊዜ የለኝም» የሚለው የተሳካለት ሰው ይቀረኛል። ካለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ለንግግር ሰጥቷል፤ መልበሱንና መንገዱን ብንጨምር ግማሽ ቀን ነው። ያንኑ ግማሽ ቀን ሦስት ልጆች አጠገብ ይቀመጥበት። ሐኪሙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ይያዝ፤ ልጆቹ የሳቷቸውን አምስት ጥያቄዎች ይዘው ይምጡ። የሚፈራው ነገር ይገባኛል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግማሹን ረስቶታል፤ ልጅ ፊት «አላስታውስም» ማለት ያሳፍራል። ይበለው። ከዚያ ማውጫውን ይግለጥ፣ ምዕራፉን ይፈልግ፣ ሥዕሉን አይቶ «ቆይ፣ ይሄ እንዲህ አልነበረም?» ይበል፣ ይሳሳት፣ ያስተካክል። ሦስቱ ልጆች የተማረ ሰው የረሳውን ነገር እንዴት እንደሚፈልግ ሲያዩ ምናልባት የመጀመሪያቸው ይሆናል።